ከአድዋ ወንዝ እስከ ቤተ ሙከራ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የእንዶድ ነገር

በዲፓርትመንታችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመርጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አንድ አዲስ ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ይሠራል፣ ማለትም በቀለበቱ ውስጥ ከካርቦን ሌላ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን ወይም ሰልፈር የያዘ ውህድ ነው። ከዚያ ፀረ-ብግነት ኃይል አለው ወይ ብሎ ይፈትሻል። የአይጥ መዳፍ በካራጂናን ይነፋል፣ ውህዱ ይሰጣል፣ እብጠቱ ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል፣ ከኢንዶሜታሲን ጋር ይነጻጸራል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ኢንዶሜታሲን ራሱ የኢንዶል ቀለበት ያለው ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ሲሆን የተገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ከሠንጠረዡ በኋላ ምን ይመጣል? ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ውህድ ሰው እጅ እስኪደርስ ምን ምን ያልፋል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሕይወት የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። እሳቸውም ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርትና መመለስ

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በመስከረም ወር 1935 ነው። የከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። ሙያቸው ጥገኛ ተሕዋስያንንና በነፍሳት የሚተላለፉ በሽታዎችን ይመለከታል፤ ከእንዶዱ ሌላም የሌይሽማንያ በሽታን በኢትዮጵያ አጥንተዋል። በ1964 ወደ አገራቸው ተመልሰው በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ሲጀምሩ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1966፣ የዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በእሳቸው መሪነት ተመሠረተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ይህ ተቋም በስማቸው ይጠራል።

በዚያን ጊዜ ብዙ ያሳሰባቸው በሽታ ብልሃርዝያ ነው። ተማሪዎች በሥነ ሕይወት እንደምናውቀው የበሽታው ትል ሕይወቱን የሚከፍለው ለሁለት ነው፣ ግማሹን በሰው ውስጥ፣ ግማሹን በጣፋጭ ውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሰውን የሚያሠቃየው በዋናነት ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ በጉበት፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ሥጋ ውስጥ ሲቀር ሰውነት ይቆጣል፣ በዙሪያው የብግነት እብጠት ይሠራል፣ ያም በጊዜ ብዛት ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ስለዚህ ብልሃርዝያ ከእኛ የመመረቂያ ርእስ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ዋናው ጉዳቱ ብግነት ነው። ልዩነቱ ዶክተር አክሊሉ ብግነቱን ከማስታገስ ይልቅ ምንጩን መዝጋት መፈለጋቸው ነው።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢም ባዕድ አይደለም። በክልላችን በሱዳን ድንበር ያለው ኩርሙክ በኢትዮጵያ የሽንት ፊኛ ብልሃርዝያ ከሚታወቅባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል። ሌሎቹ የአዋሽና የዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች ናቸው። በቡለንም ሆነ በሌላው የመተከል ወረዳ ወንዝ ወርዶ ልብስ ማጠብ፣ መዋኘት፣ ከብት ማጠጣት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። መስኖ በተስፋፋ ቁጥር ቀንድ አውጣው የሚኖርበት ዝግ ያለ ውሃም ይበዛል።

በአድዋ የታየው

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚኖሩ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ወንዙን ተከትለው ሲሰበስቡ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ተገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት ደግሞ በሱቅ ሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ንጣቱ ሌላ ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲመታ አረፋ ይሰጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ሊያልፍ ይችል ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ሙከራ አደረጉ። ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አስገቡና ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ይህ ትንሽ ሙከራ የሠላሳ ዓመት ሥራ መነሻ ሆነ። መሣሪያው አንድ ዕቃና አንዲት ልብስ አጣቢ ብቻ ቢሆንም ማነጻጸሪያው ተፈጥሮ ያዘጋጀው ነበር፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያለው ውሃና በታች ያለው ውሃ።

ኬሚስትሪው

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የእኛ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጥያቄ ነው፣ ገዳዩ ውህድ የትኛው ነው? በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ከስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ጋር በተደረገ ሥራ ከፍሬው ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ተለይተው ወጡ። ለዋናው ገዳይ ውህድ ለማቶክሲን የሚል ስም ተሰጠው፣ ከዶክተር አክሊሉ የአባት ስም የተወሰደ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ስም በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ገባ።

የለማቶክሲን አካል ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል፣ አምስት የካርቦን ቀለበቶች ያሉት፣ ውሃ የማይወድ አጥንት ነው። ሌላው በካርቦን ቁጥር 3 ላይ የተንጠለጠሉ ስኳሮች ናቸው። እነዚህ ስኳሮች እያንዳንዳቸው በቀለበታቸው ውስጥ አንድ ኦክስጅን ስላላቸው በትርጉሙ ሄትሮሳይክሊክ ቀለበት ናቸው። ስኳሩ ውሃ ይወዳል፣ አጥንቱ ስብ ይወዳል፤ አረፋ የሚሰጠውም፣ የቀንድ አውጣውን የሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም ይኸው ሁለትነቱ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ሚሊግራም ንጹሕ ውህድ ቀንድ አውጣውን ለመግደል ይበቃል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው በካርቦን ቁጥር 28 ላይ ተጨማሪ ስኳር አለው፣ በዚህ ሁኔታው ደግሞ ቀንድ አውጣ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ የራሱ የፍሬው ኢንዛይም ያንን ስኳር ይቆርጠዋል፣ ገዳዩ ውህድ ያኔ ይፈጠራል። ለካ እናቶቻችን ወቅጠው በውሃ የሚያሳድሩት ዝም ብለው አይደለም፤ ሳያውቁት አንድ የኬሚስትሪ እርምጃ እየሠሩ ነው። የፈላ ውሃ ወይም አልኮል ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ውጤቱ ሌላ ይሆናል። የዕፀዋት ውህድ ለማውጣት ያሰበ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የባህሉን አዘገጃጀት በጥንቃቄ መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው።

እንዶድ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የዶክተር አክሊሉ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ 65 ዓይነቶችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ፣ በኃይሉም በምርቱም ስለበለጠ ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ የመዋቅርና የኃይል ግንኙነት ጥናት መንትያ ነው፤ ኬሚስቱ በቀለበቱ ላይ ያለውን ክፍል እየለወጠ እንደሚያወዳድረው ሁሉ እሳቸው ተክሉን እያወዳደሩ ነበር።

ከዕቃው ወደ ከተማው

ቤተ ሙከራ ላይ የሚሠራ ነገር በሰፊው ውሃ ላይ ይሠራል ወይ? ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት በአድዋ ከተማና አካባቢዋ ወንዞቹ በእንዶድ እየታከሙ የሕዝቡ ሁኔታ ተጠና። በጥናቱ ዘገባ መሠረት በበሽታው የተያዘው ሰው መጠን ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ገደማ ወረደ። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ቁጥር ለምን ትልቅ ነገር እንደሚናገር ማሰብ ያሻል። አዋቂው ቀድሞ የተያዘ ስለሆነ ትሉ በሰውነቱ ለዓመታት ይቆያል። ሕፃኑ ግን ጥናቱ ከተጀመረ በኋላ የተወለደ ስለሆነ የእሱ ጤና አዲስ መተላለፍ መቆሙን ወይም አለመቆሙን ይነግረናል።

በጊዜው ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይመከር የነበረው ከውጭ የሚገባው ኒክሎሳማይድ ነበር። ዋጋው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ ደግሞ አጥር ላይ ይበቅላል። የዶክተር አክሊሉ ሐሳብ ይህ ነበር፣ አንድ መንደር የራሱን መድኃኒት ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ውሃውን ይጠብቅ።

ረጅሙ ጥበቃ

ታዲያ ነገሩ ለምን ወዲያው አልተስፋፋም? እዚህ ላይ ነው የሕይወታቸው ከባዱ ክፍል የሚጀምረው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድን ከመደገፋቸው በፊት የመርዛማነት ጥናት እንዲቀርብ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። ሰው የሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት፣ እንዶድም ዓሣ ይገድላል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ችግሩ ጥናቱ የሚፈለገው እጅግ ውድ በሆኑ፣ በያኔዋ ኢትዮጵያ ባልነበሩ ቤተ ሙከራዎች ብቻ መሆኑ ነው። ገንዘብ የለም፣ ስለዚህ ጥናት የለም፤ ጥናት የለም፣ ስለዚህ ገንዘብ የለም። በዚህ ክብ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተቆጠረ።

በመካከሉ ሌላም ነገር ተፈጠረ። በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ተገኘ። ይህ በቀለበቶቹ ውስጥ ሁለት ናይትሮጅን ያሉት ሄትሮሳይክሊክ ውህድ ነው፣ ትሉን በሰው ውስጥ እያለ በአንድ ቀን ክኒን ይገድላል። የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ክኒኑ ዞረ። ውህዱ በእርግጥም ብዙ ሕይወት አድኗል፣ ዋጋውም በጊዜ ብዛት ረክሷል። ክኒን የዋጠ ልጅ ግን በማግስቱ ያው ወንዝ ውስጥ ይገባል።

ዶክተር አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎሬንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት እድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ። ሥራቸው ቢቀየርም እንዶድን አልተዉም። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ተካሄዱ፤ የአፍሪካ ሳይንቲስቶች ተሰባስበው ምን ጥናት እንደሚቀር ተነጋገሩ። በመጨረሻም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የመርዛማነት ጥናቱ በሚፈለገው ደረጃ ተሠራ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይም በአጥቢ እንስሳት ላይ ለአጠቃቀሙ የሚያሰጋ ጉዳት እንደሌለው ታየ። ከአድዋው ዕቃ እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆነ ማለት ነው። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በስዊድን የሚሰጠውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

የማን ዕውቀት ነው?

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሜዳ አህያ ዓይነት ሸንተረር ያለው ትንሽ የውሃ ዛጎል በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ብዙ ኪሳራ ማድረስ ጀመረ። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሞክረው እንዶድ ዛጎሉን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ዘዴው ፓተንት ተሰጠው። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ተብለው ተመዝግበዋል፣ የፓተንቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በአድዋ ልብስ ያጠቡት ሴቶችስ? ዕውቀቱን ለትውልድ ያቆዩት እነሱ ሆነው ሳለ በወረቀቱ ላይ ቦታ የላቸውም። ጉዳዩ በወቅቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ አነጋግሯል፤ የባህል ዕውቀት ባለቤትነት ሲነሣም እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ኢትዮጵያ በኋላ በዚህ ላይ ሕግ አውጥታለች። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን ይመለከታል፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ተካፋይ እንዲሆን ይደነግጋል። ከመንደሩ ቅጠል ለቅሞ ወደ ቤተ ሙከራ የሚያመጣ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ይህን አዋጅ ቢያነበው አይከፋም።

ምን ቀረ?

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። እውነቱን ለመናገር እንዶድ እሳቸው እንዳሰቡት በየመንደሩ የሚሠራበት የብልሃርዝያ መከላከያ አልሆነም። ስለዚህ ሕይወታቸው ከሽፏል የሚል ካለ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበል።

አንደኛ፣ ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ ዓለም እያመነ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ቀንድ አውጣ ማጥፊያን በመስክ ስለመጠቀም መመሪያ አውጥቷል። ፕራዚኳንቴል ለትልልቅ ልጆችና ለአዋቂዎች ሲታደል ከትምህርት ቤት ዕድሜ በታች ያሉ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የሚመጥናቸው መድኃኒት አልነበራቸውም፤ የመራራው ክኒን አንዱ ገጽታ ብቻ ተለይቶ ለእነሱ የሚሆን መድኃኒት በአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የድጋፍ አስተያየት ያገኘው በ2023 መጨረሻ ነው። በአድዋ ግን በእንዶድ ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት እነዚሁ ሕፃናት ነበሩ።

ሁለተኛ፣ የለማቶክሲን አጥንት የሆነው ኦሊያኖሊክ አሲድ በእኛው የፀረ-ብግነት ርእስ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። ኬሚስቶች ከዚሁ አሲድ ተነሥተው ባርዶክሶሎን የተባለ ኃይለኛ ፀረ-ብግነት ውህድ ሠሩ። በቤተ ሙከራ እጅግ ተስፋ የተጣለበት ይህ ውህድ በኩላሊት ሕሙማን ላይ ሲሞከር በልብ ላይ ባደረሰው ጉዳት ሙከራው በ2012 እንዲቆም ተደረገ። የእሱ ዘመድ ኦማቬሎክሶሎን ግን በ2023 በአሜሪካ ለአንድ የነርቭ በሽታ ተፈቀደ። አንድ አጥንት፣ ሦስት ዕጣ። ኃይል እንዳለው ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ የአይጡ መዳፍ ስንት በመቶ ተሸሸገ ብለን ስንጽፍ የሥራው መጨረሻ ላይ ነን ብለን አናስብ። ዶክተር አክሊሉ ሙከራቸውን የጀመሩት በችግሩ ቦታ ነው፤ ከዚያ ኬሚስትሪውን፣ ከዚያ መስኩን፣ ከዚያ መርዛማነቱን፣ ከዚያ ዋጋውንና ባለቤትነቱን ተከትለው ሄደዋል። ከእነዚህ ደረጃዎች ብዙዎቹን በቡለንም ሆነ በአሶሳ ባለን አቅም መጀመር እንችላለን። ተክሉን በትክክል መለየት፣ የባህሉን አዘገጃጀት መመዝገብ፣ የነገረንን ሰው ስም በምስጋና ማስፈር፣ ማነጻጸሪያ ማስቀመጥ፣ የመርዛማነት ውጤትን ባይመችም አለመደበቅ፤ እነዚህ ውድ መሣሪያ አይፈልጉም። የቀረውን ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት ይቻላል፣ የጉዳዩን ባለቤትነት ሳይለቁ።